አባቴ በጎባ ላይ የመሰከረበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ከጎባ ወደ ሮቤ ስወርድ የሚኒባሱ ሾፌር ዜና ሲጀምር ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። ስለ አዲስ ሹመት ይወራ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ፣ «ይሄ ደግሞ የምኑ ሚኒስትር ነው?» አለ።

«የኢኮኖሚው ነዋ!» አለችው አጠገቡ ያለችው ሴት።

«የኢኮኖሚውና የገንዘቡ አንድ አይደል እንዴ?»

«አይ፣ የገንዘቡ ሌላ ነው። ይሄ የፕላኑ ነው።»

«ፕላን ከደርግ ጋር አልቀረም?»

ክርክሩ እስከ ፊት ወንበር ደረሰ። በመጨረሻ ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «እኔ የማውቀው ናፍጣ ሲጨምር ታሪፍ እንደሚጨምር ነው፤ ሂሳብ ከኋላ!» ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቄ ከሌላው ሰው ሳቅ ረዘመ፤ አጠገቤ ያሉት አዛውንት ዞር ብለው እስኪያዩኝ ድረስ። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ካለነው ሁሉ የዚህን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ታሪክ እንደ ተረት እየሰማ ያደገ ከእኔ ሌላ አይኖርም ብዬ እገምታለሁ።

የሌላው ልጅ አባት ማታ ማታ ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ ሲያወራ፣ የእኔ አባት ስለ መሥሪያ ቤቱ ነበር የሚያወራው። አቶ ዘውዴ ይባላል። ጎባ ያኔ የባሌ ዋና ከተማ ሳለች የአገሪቱን ኢኮኖሚ ከሚያቅደው ሚኒስቴር በታች ባለ ቢሮ ውስጥ ገና በወጣትነቱ ተቀጥሮ፣ መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ እሱ እዚያው ወንበሩ ላይ ቆየ። «እኔ ስገባ ጃንሆይ ነበሩ» ይል ነበር እግሩን ሞቅ ባለ ውሃ ነክሮ፤ የጎባ ብርድ ቀልድ አያውቅምና። «ያኔ ፕላን ይባላል፤ የራሱ ሚኒስትር አለው። ሚኒስትሩ ሊጎበኙን ሲመጡ ኮት ተውሼ ነው የተቀበልኳቸው። ደርግ ገባ፤ ሚኒስትሩ ቀረና ኮሚቴ ሆንን። ኮሚቴ ስንሆን ስብሰባው በዛ፣ ሻዩም በዛ። ደርግ ወደቀ፤ እንደገና ሚኒስትር መጣልን፤ አሁን ደግሞ ኢኮኖሚ የሚል ቃል ተጨመረ።»

ስሙ በተለወጠ ቁጥር አንድ ሰዓሊ መሰላልና ቀለሙን ይዞ መጥቶ የቢሮውን የቆርቆሮ ሰሌዳ ይፍቃል፤ በላዩም አዲሱን ስም ይጽፋል። ፀሐይ በአግድም ስትመታው የድሮዎቹ ፊደላት ከሥር ብቅ ይሉ ነበር። አባቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ አቁሞኝ፣ «አንብቢ እስቲ፣ ከታች ያለውን» ይለኛል። ማንበብ የለመድኩት ከፊደል ገበታ ይልቅ ከዚያ ሰሌዳ ሳይሆን አይቀርም።

ጎባና ሮቤ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ቅርበታቸው ግን አላስታረቃቸውም። ጎባ ከላይ ተራራው ሥር፣ ጽድና ባሕር ዛፍ መካከል ተቀምጣ ሮቤን ቁልቁል ታያለች። ሮቤ ሜዳው ላይ በስንዴ ተከባ ዓመት ዓመት ትሰፋለች። እኔ ልጅ በነበርኩበት ዘመን መሥሪያ ቤቶች አንድ በአንድ ከጎባ እየተነቀሉ ወደ ሮቤ መውረድ ጀምረው ነበር፤ ለጎባዎችም ቁስሉ ገና ትኩስ ነበር። «ሮቤ ምን አለው? ነፋስና ስንዴ!» እንላለን። እነሱ ደግሞ «ጎባዎች ጋቢ ለብሰው ነው የሚወለዱት» ይሉናል። እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽማ በአደባባይ ምላለች፤ «ሮቤ ለገበያ እወርዳለሁ፤ ለመኖር ግን ሬሳዬም አይወርድ!» ብላለች። እናቴ ከማለች የጎረቤት ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የሁለቱ ከተማ ትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር የተዘጋጀው። ሽልማቱ ነጋዴዎች አዋጥተው የገዙት ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ነበር። አሸናፊው ትምህርት ቤት ይወስደዋል። ጎባን እንድንወክል እኔና ዘይቱና ተመረጥን።

ዘይቱና የልብ ጓደኛዬ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞተው እናቷ እማማ ፋጡማ ከተራራው ማዶ ከሪራ መንደር የሚመጣ የጫካ ማርና ቅቤ እየነገዱ ነው ያሳደጓት። የምናጠናው እነሱ ቤት ነበር፤ ምክንያቱም እማማ ፋጡማ በቅቤ የታሸ ጩኮ በሳህን ሞልተው መጽሐፋችን መሐል ያስቀምጡልናል። የገብስ ዱቄትና የቅቤ ነገር ሆዳችንን ስለሚይዘው ረሃብ ሳናስብ እስኪመሽ እናነባለን። የመጽሐፉ ገጾች ዳር ዳሩ በቅቤ ጣታችን ወዝቶ ነበር። ዘይቱና ሒሳብና ጂኦግራፊን ያዘች፤ እኔ ታሪክንና የመንግሥት አስተዳደርን። «ስለ ሚኒስትሮች ከመጣ አንቺ አለሽ» ትለኛለች። «አባትሽ አጥብተውሻል።»

የውድድሩ ሳምንት አባቴ ልክ አልነበረም። ምሳውን ግማሹን ይተዋል፤ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሲጠሩት አይሰማም። ከሁሉም የገረመኝ ራዲዮኑ ዝም ማለቱ ነው። አባቴ የማታ ዜና ሳይሰማ ተኝቶ አያውቅም፤ ያን ሳምንት ግን «ባትሪው አልቋል» ብሎ ሳጥን ላይ ሰቀለው። እናቴ ብርድ የመታው መስሏት ነጭ ሽንኩርት በማር አድርጋ አስዋጠችው። እሱም እሺ ብሎ ዋጠ። እኔ ደግሞ ጥናት ላይ ስለነበርኩ ብዙም አላሰብኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት ጎባ በሙሉ ወደ ሮቤ የወረደ ነው የሚመስለው። መስቀል አልፎ ሰማዩ ጠርቷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስንዴ ጫፍ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ነፋሱ ሲመጣ ማሳው እንደ ውሃ ይተኛና ይነሳል። አውቶቡሱ ውስጥ እየዘፈንን ነው የሄድነው። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ እማማ ፋጡማ አጠገቧ ተቀምጠው፣ አባቴ ከኋላ በመስኮት በኩል ዝም ብሎ ሜዳውን ያያል። ፈርቶልኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሰብሳቢ ዳኛው ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ አድልዎ እንዳይኖር ተብሎ ከሌላ ከተማ፣ ከጎሮ ነው የተጠሩት። ከእኛ ፊት ለፊት የሮቤ ተወዳዳሪዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ጀማል የሚባል ረጅም ልጅ ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ አጥሮበታል፤ መልስ ሲያውቅ ገና ሳይነሳ ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታው እንዴት እንዳናደደኝ!

እነሱ ይመልሳሉ፣ እኛ እንመልሳለን። እነሱ ይስታሉ፣ እኛም እንስታለን። ዘይቱና አንድ የሒሳብ ጥያቄ ወረቀት ሳትነካ ስትመልስ የጎባ ሰው እልልታውን አቀለጠው። ጀማል ስለ ወንዞች ተጠይቆ ከነገባሮቻቸው ሲዘረዝር ሮቤዎች አዳራሹን አናወጡት። በመጨረሻ እኩል ለእኩል ሆነን አንድ ጥያቄ ቀረ። ኦቦ ቱፋ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ፤

«የአገራችንን የኢኮኖሚ ጉዳይ የሚመራው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሙሉ ስሙ ማን ይባላል?»

ዘይቱና ጎኔን በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔ ግን ቀድሜ ተነስቻለሁ። ያንን ረጅም ስም እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳልደናቀፍ አወረድኩት። ኦቦ ቱፋ ወረቀታቸውን አይተው፣ «ትክክል ነው!» አሉ።

የሆነውን ሁሉ ለመናገር ያስቸግራል። እናቴ ነጠላዋን እያውለበለበች ትዘላለች። እማማ ፋጡማ «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ የማያውቁትን ሰው ያቅፋሉ። እኔ ዘይቱና አንገት ላይ ተጠምጥሜያለሁ። በዚያ ጫጫታ መሐል ጀማል ቆሞ እጁን አውጥቶ ነበር። ዝምታ እስኪሆን ጠበቀ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያ ስም ቀርቷል» አለ። «በዚህ ሳምንት ከገንዘቡ ሚኒስቴር ጋር አንድ ሆኗል። በራዲዮ ሰምቻለሁ።»

«ውሸት!» አለ ከእኛ ወገን አንዱ። «ሲሸነፉ ነው እንዴ ሚኒስቴር የሚያዋህዱት?» አለ ሌላው። ሮቤዎች ደግሞ «ዱጋ! ዱጋ ነው!» ይላሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ኦቦ ቱፋ ተቸገሩ። ወረቀቱ የተዘጋጀው ቀደም ብሎ ነው፤ እሳቸውም ከጎሮ ሲመጡ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ዜናውን አልሰሙም። «እኔ የያዝኩት መልስ ይሄ ነው» አሉ። «ሌላ እርግጠኛ ምስክር ከሌለ በዚሁ ይጸናል።»

ያን ጊዜ ነው አባቴ የተነሳው።

መጀመሪያ ሊያጨበጭብልኝ የተነሳ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። «እኔ ከዚያው መሥሪያ ቤት ነኝ» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ አዳራሹ ግን ጸጥ ብሎ ሰማው። «ልጁ የተናገረው እውነት ነው። ስሙ ቀርቷል፤ ሥራው ከገንዘቡ ጋር አንድ ሆኗል። የእኛም የጎባው ቢሮ ይዘጋል። እኔም ተነግሮኛል፤ ሮቤ ወርጄ ነው የምሠራው።»

ከጎባ ወገን አንድ ሰው «ኧረ ዝም በል አንተ ሰው!» አለ። አባቴ ተቀመጠ። እኔ የማየው እናቴን ነበር። ነጠላዋ እጇ ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል። ቀስ ብላ ወደ አባቴ ዞረች፤ አየችው፤ ምንም አላለችም። እናቴ ምንም ያላለችበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ለካ ባትሪው አላለቀም ነበር። ይሄ ሁሉ ቀን ቤታችን ውስጥ ዜና እንዳይሰማ ያደረገው እሱ ነው። ልናደድበትም ላዝንለትም አልቻልኩም፤ የቤታችን ጉዳይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተዘርግፎ እኔ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ።

ኦቦ ቱፋ ተነስተው አባቴን እጅ ነሱት። «ጥያቄው ይሰረዛል» አሉ። «ሌላ ጥያቄ እናቀርባለን።» ነገር ግን ሌላ ጥያቄ አልተዘጋጀም። ዳኞቹ እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ከሮቤ ወገን አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኦቦ ዘውዴ ያውጡት!» አሉ። «በገዛ ልጁ ላይ የመሰከረ ሰው አያዳላም።» ሮቤዎች አጨበጨቡ። የእኛዎቹም ምን ያድርጉ፣ ተስማሙ።

አባቴ እንደገና ተነሳ። ዓይኑ እኔ ላይ አርፎ ሲያስብ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባኝ፤ ካስተማረኝ ታሪክ ውጭ የሆነ፣ እኔ የማላውቀውን ጥያቄ እየፈለገ ነበር። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «የአገር ገንዘብ የሚይዘው ሚኒስትርና ወደፊት የሚሠራውን የሚያቅደው ሚኒስትር፣ ሁለት ሰው ቢሆኑ ይሻላል ወይስ አንድ? ምክንያታችሁን ንገሩኝ። የሚያሳምን ያሸንፍ።»

የእኛ ተራ ቀደመ። ልናገር ብዬ ወደ ፊት ወጣሁ። ጎባን ልንለቅ ነው የሚለው ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ከአእምሮዬ አጥፍቶታል። ዘይቱና እጄን ይዛ ወደ ወንበሬ መለሰችኝና እሷ ተነሳች።

«አንድ ቢሆን ይሻላል» አለች። «እናቴ ቤታችንን ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው። የምታቅደውም እሷ፣ ገንዘቡን የምትይዘውም እሷ። እጇ ላይ ያለውን ስለምታውቅ የማይሆን ነገር አታስብም። ደመና ላይ ቤት የመሥራት ሐሳብ እኛ ቤት የለም።» አዳራሹ አጨበጨበ፤ እማማ ፋጡማ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ጀማል ተነሳ። ያ ፈገግታው መጣ። «ሁለት ቢሆኑ ይሻላል» አለ። «እኛ ቤት ገንዘቡን የምትይዘው እናቴ ናት፤ የሚያቅደው አባቴ ነው። አባቴ በየዓመቱ ትራክተር ለመግዛት ያቅዳል። እናቴ በየዓመቱ ከየት አምጥተህ ትለዋለች። ይጣላሉ። እኛ ልጆቹ እንሰማለን። በመጨረሻ ትራክተሩ ይቀርና አንድ በሬ ይገዛል። ዋላሂ፣ አባቴ ገንዘቡን ቢይዝ ኖሮ ዛሬ ያለ ቤት ትራክተር ላይ ነበር የምንተኛው። እናቴ ብቻዋን ብትሆን ደግሞ በሬውም አይገዛም ነበር።»

ኦቦ ቱፋ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። የጎባ ሰው እንኳ ላለመሳቅ ታግሎ አልቻለም። ሳቁ ሳያባራ አንድ ሰውዬ ከሮቤዎች መካከል ተነስቶ፣ «በሚመጣው ዓመት ግን እገዛዋለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ለካ የጀማል አባት ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳኝነቱ ምን ይሆናል? ቴሌቪዥኑ ለሮቤ ሆነ።

ስንወጣ በር ላይ ጀማል መጥቶ ዘይቱናን፣ «እናትሽ ብልህ ናቸው» አላት። እሷም አገጯን ከፍ አድርጋ፣ «ያንተም» አለችው። ትዝ የሚለኝ እኔን ሁለቱም እንዳላዩኝ ነው።

መልስ ጉዞው ላይ ዘፈን አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ ከአባቴ ጋር የተቀመጠ ሰው አልተገኘም፤ አንዳንዱ «ምስክሩ» እያለ ያጉተመትም ነበር። ተነስቼ አጠገቡ ሄድኩ። አይቶኝ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አዟዟረ። «ቴሌቪዥኑን አስነጠቅኩሽ» አለኝ። «ሮቤ ሄደን እናየዋለን» አልኩት፤ ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ሳቀ። ያን ሳምንት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ እናቴ ከፊት ወንበር ሳትዞር፣ «ሮቤ ቤት ስትከራይ ከነፋሱ ጀርባ ይሁን» አለች። በቃ፤ መሐላው በዚያ ፈረሰ።

በጥር ወር ወረድን። የሮቤ ሰው አባቴን እንደ እንግዳ አላየውም፤ «በልጁ ላይ የመሰከረው» ብሎ ያውቀዋልና ቤት ያከራዩን ሰውዬ ቅድሚያ ክፍያ እንኳ አልጠየቁም። ጎባዎችም ውለው አድረው ይቅር አሉት። እኔም የሮቤው ትምህርት ቤት ገብቼ ያንን ቴሌቪዥን በየዕረፍቱ አየሁት፤ ከጀማል ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ። ታዲያ አገባሽው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላገባሁትም። እሱ በየሳምንቱ ጎባ የሚያስወጣው ጉዳይ ይበዛበት ነበር፤ ያገባው ዘይቱናን ነው። እኔ የጎባዋ ሮቤ ቀረሁ፤ እሱ የሮቤው ጎባ ላይ ጋቢ ለብሶ ማር ይነግዳል። ባለፈው ሳምንትም የመጣሁት ከእነሱ ቤት ነበር።

ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አሁን ሸምግሏል፤ ጆሮው ትንሽ ከብዶታል፤ የመሥሪያ ቤቱን ነገር ሲያነሱለት ግን ይሰማል። ስለ አዲሱ ሹመትና ስለ ሚኒባሱ ክርክር ነገርኩት። ሳቀ። እኔም ይሄን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት።

«አባባ፣ ያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ ምን ብለው ነው የተነሱት?»

«ልጁ ትክክል ነበራ» አለ። ከዚያ ወደ ጓሮው አየ፤ እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ዜናውን ለእናትሽ እንዴት እንደምነግራት ጠፍቶኝ ሳምንቱን በሙሉ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ብቻዋን ከምነግራት ለአዳራሹ ሁሉ መናገሩ ቀለለኝ።»

ሳቅ አፈነኝ። እናቴ ቀና ብላ፣ «ምንድን ነው የምታወሩት?» አለች።

«ስለ ኢኮኖሚ ነው» አላት አባቴ።

እኔ መምህርት ነኝ። ያንን ቅዳሜ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ሁልጊዜም የእውነተኛ ሰው ምሳሌ አድርጌ ነው የምነግራቸው። ከእንግዲህም እነግራቸዋለሁ፤ ይቺን ግን እጨምርበታለሁ። እውነት ሊናገር የሚነሳ ሰው ሁሉ ከድፍረት ብዛት አይነሳም፤ ሚስቱን ፈርቶ የሚነሳም አለ። ተነስቶ ከተናገረ፣ እኔ በበኩሌ ምንም ቅር አይለኝም።